በሕግ የምርምር ዶክትሬት፦ ከጥናት ጥያቄ እስከ መምህርነት ወንበር

በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን ስለ ዶክትሬት ሲያማክሩኝ የሚያስቀድሙት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «የትኛው ስኮላርሺፕ ተከፍቷል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመምህር ደመወዝ ለውጭ ትምህርት ክፍያ እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል። ተራው ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። የሕግ ዶክትሬት አራት አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ አብዛኛው ሰዓቱ ከመዝገብና ከመጽሐፍ ጋር ብቻ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ሥራ ነው። ስኮላርሺፕ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ያደርሳል፤ ውስጥ የሚያቆየው የራስ የሆነ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከገንዘቡ በኋላ የፈለጉ ብዙዎች በሦስተኛው ዓመት ርዕስ ሲቀይሩ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ትልቁን ቦታ የሚሰጠው ለጥያቄውና ለምንጮቹ ነው።

የጻፍሁት በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ለሠሩ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለጨረሱ ወይም ለመጨረስ ለተቃረቡ፣ ሕይወታቸውንም በማስተማርና በመመራመር ለማሳለፍ ለሚያስቡ ነው።

አንደኛ፦ የሚፈልጉት ይህ ዲግሪ መሆኑን ይለዩ

ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም የባንክ የሕግ አማካሪ ለመሆን ዶክትሬት አያስፈልግም። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ አዋጁም ከጠበቃ ዶክትሬት አይጠይቅም። ፍላጎትዎ ችሎት ፊት መቆም ከሆነ አምስቱን ዓመት በችሎት ያሳልፉት፤ የተሻለ ባለሙያ ያደርግዎታል።

በዩኒቨርሲቲ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት የሚያሻግረው ዋናው መንገድ ዶክትሬት ነው። ከዚያ በላይ ያሉት የተባባሪ ፕሮፌሰርና የፕሮፌሰር ማዕረጎች በኅትመት፣ በማስተማርና በአገልግሎት ይገኛሉ። የዶክትሬት ተማሪ ለማማከርም ዶክትሬት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚያ «ጄ ዲ» የሚባለው ዲግሪ ስሙ ዶክተር ቢልም የሦስት ዓመት የሙያ ትምህርት ነው፤ ጠበቃ የሚሆኑት በእሱ ነው። የምርምር ዶክትሬቱ «ኤስ ጄ ዲ» ወይም «ጄ ኤስ ዲ» ይባላል፤ ሃርቫርድ የመጀመሪያውን፣ ዬል፣ ኮሎምቢያና ስታንፎርድ ሁለተኛውን ስም ይጠቀማሉ። በአብዛኛው የሚማሩበት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከአሜሪካ ውጭ የሠሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ የማስተርስ ዲግሪን፣ አንዳንዶቹም ከራሳቸው የተገኘውን ይጠይቃሉ። እዚያው አሜሪካ የሕግ ፕሮፌሰር ለመሆን ያሰበ ሰው ግን የአብዛኞቹ መምህራን ዲግሪ «ጄ ዲ» መሆኑን ማወቅ አለበት። ኤስ ጄ ዲ ብቻ ይዞ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት መቀጠር ከባድ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በሐዋሳ ለማስተማር ግን ሙሉ ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፦ ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ይያዙ

«አስተዳደራዊ ፍትሕ በኢትዮጵያ» ርዕስ ነው። «የመሬት መብትና ሕገ መንግሥቱ» ርዕስ ነው። በርዕስ ስር ማንኛውም ነገር ይገባል፤ ለዚህም ነው ርዕስ ብቻ የያዘ ሰው ዓመት ሙሉ አንብቦ አንድ ምዕራፍ የማይጽፈው። ጥያቄ ግን ምን እንደሚነበብና ምን እንደሚተው ይወስናል።

ከርዕስ ወደ ጥያቄ እንዴት እንደሚወረድ በምሳሌ ላሳይ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋማት መመሪያ ከማጽደቃቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ፣ ካጸደቁም በኋላ እንዲያስመዘግቡና ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ከዚህ አዋጅ በፊት ብዙ መመሪያ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ዜጋው ሲከሰስበት ብቻ የሚሰማው ነበር። «አዋጁ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መነሣት የትም አያደርስም። «አስተያየት የተሰበሰበባቸው መመሪያዎች ከረቂቃቸው ምን ያህል ተለውጠው ጸደቁ? ሥርዓቱን ሳይከተል የወጣ መመሪያ ሲቀርብለትስ ፍርድ ቤት እንዴት ፈረደ?» ብሎ መነሣት ግን ሥራውን ይከፋፍላል፤ ረቂቅና የጸደቀ መመሪያ ማነጻጸር አንድ ምዕራፍ፣ የፍርድ ቤት መዛግብት ሌላ ምዕራፍ ይሆናሉ።

ሌላ ምሳሌ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 በሕጉ ውስጥ የተሸፈኑ ጉዳዮችን ይመለከቱ የነበሩ የቀድሞ ሕጎችንና ልማዶችን ሽሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች እንዲዳኙ በሩን ከፍቷል። በሁለቱ መካከል አገር ሙሉ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል። እንግዲህ ሽማግሌዎች የጨረሱት ጉዳይ ለአፈጻጸም ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው የሚያየው እንደ ውል ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 እንደሚታወቅ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ነው ወይስ እንደ ባህላዊ ፍርድ? ሦስቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አሏቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜ ይሰጣል፤ አጥኚውን ከጠዋት እስከ ማታ ያስቀምጠዋል።

ጥያቄዎን ሲያገኙ በሦስት ነገሮች ይፈትኑት። አንደኛ፣ መልሱን ከወዲሁ ያውቁታል? ካወቁት የሚጽፉት አቤቱታ እንጂ ጥናት አይደለም። ብዙ የኢትዮጵያ የሕግ ጥናቶች «ሕጉ ክፍተት አለበት፣ ይሻሻል» በሚል አስቀድሞ በተወሰነ መደምደሚያ ይጀምራሉ፤ ፈታኞች ይህንን በመጀመሪያው ገጽ ይለዩታል። ሁለተኛ፣ መልሱ ያለበት ሰነድ እጅዎ ሊገባ ይችላል? ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያን የማያውቅ የሕግ ምሁር ከመልስዎ የሚማረው ነገር አለ? የሽማግሌው ጉዳይ ባህላዊና መንግሥታዊ ሕግ ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ሁሉ ይነበባል። ሦስተኛውን ፈተና የሚያልፍ ጥያቄ በውጭ ዩኒቨርሲቲ አማካሪ ያገኛል፤ የማያልፈው ግን የቱንም ያህል ለአገር ቢጠቅም ማመልከቻው ተመላሽ ይሆናል።

ስለ ንጽጽር ጥናት አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ነጥብ የሚባክነው ጊዜ ያሳዝነኛል። «የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ሕግ ሲነጻጸር» ብሎ ሦስት አገር መደርደር ቀላል ነው፤ ለምን እነሱ እንደተመረጡ ማስረዳት ግን ከባድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለሆኑ ከፈረንሳይ ጋር ማነጻጸር ምክንያት አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም ፈረንሳይ ራሷ የውል ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰፊው አሻሽላለች። የትኛውን የፈረንሳይ ሕግ ነው የሚያነጻጽሩት፤ ዳቪድ የሚያውቁትን ወይስ ዛሬ የሚሠራውን? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ለንጽጽር ገና አልደረሰም።

ሦስተኛ፦ ከማመልከትዎ በፊት ምንጮችዎን ይቁጠሩ

አንድ ወር ወስደው ለጥያቄዎ የሚሆነው ማስረጃ የት እንዳለ በዓይንዎ ይዩ። የእኛ አገር የሕግ ምንጭ ተበታትኗል፤ ብዙው በኢንተርኔት አይገኝም።

ሕጎቹ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትመዋል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ሕጎች የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። በውጭ አገር ሆነው በእንግሊዝኛ ቢጽፉም አንቀጹን በአማርኛው ያንብቡ፣ ከአማርኛውም ይጥቀሱ። የክልል ሕግ የሚያጠኑ ከሆነ የየክልሉን ጋዜጣ ለብቻው ይፈልጉ።

የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት፣ ውሳኔዎች ትልቅ ሀብት ናቸው። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጥ የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ካደረገ ወዲህ ውሳኔዎቹ በቅጽ እየታተሙ ወጥተዋል፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። ነገር ግን በቅጾቹ ብቻ አይወሰኑ። የታተመው የተመረጠው ነው። በሥር ፍርድ ቤቶች በየቀኑ የሚሠራው ሕግ ያለው በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። እሱን ለማየት ከዩኒቨርሲቲዎ የትብብር ደብዳቤ ያጽፉ፣ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ያቅርቡ፣ የሚፈልጉትን የመዝገብ ዓይነትና ዓመት ለይተው ይጠይቁ። «የመሬት መዛግብትን ማየት እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ በቢሮ ተቀምጦ ይቀራል፤ ዓመቱንና የክርክሩን ዓይነት የሚጠራ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን ሥራ ያቀልለታል። ሠራተኛውን በአክብሮት ይያዙ፤ የትኛው መዝገብ የት እንዳለ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሕግ አውጪው ምን አስቦ እንደነበር ለማወቅ የሕጉን ሐተታ ዘምክንያት (ሕጉ ለምን እንደወጣ የሚያብራራውን ሰነድ)፣ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ፣ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ። የሕገ መንግሥት ክርክር የሚያጠና ሰው ፍርድ ቤት ብቻ አይሂድ፤ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ የሚያግዘው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የታሪክ ጥናት ከሆነ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም። ከአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ ጋር በ1956 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ሕጎቹ ትኩስ በነበሩበት ጊዜ የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ «አዲስ» እየተባለ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እዚያ ተነሥቶ ይገኛል።

ሰው ለማነጋገር ካቀዱ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል። የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችና የስም ዝርዝሮች አያያዝም ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር መጣጣም አለበት። በግጭት አካባቢ የሚደረግ ጥናት ለእርስዎም ለተጠያቂውም አደጋ ሊኖረው ይችላል፤ ያለዚያ ማስረጃ የማይቆም ጥያቄ ከሆነ ጥያቄውን አሁኑኑ ያስተካክሉ።

አራተኛ፦ የት?

አገር ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የዶክትሬት መርሐ ግብር አለው። የሰብዓዊ መብትና የፌዴራሊዝም ጥናት ማዕከላቱም በየመስካቸው ዶክትሬት ይሰጣሉ። ለመግባት ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ከዚያም የትምህርት ክፍሉ የራሱ ምርጫ አለ። እኔ አገር ውስጥ መማርን እንደ ሁለተኛ ምርጫ የሚያዩትን አልደግፍም። ጥያቄዎ በሥር ፍርድ ቤት መዛግብት ላይ የሚቆም ከሆነ ከምንጩ አጠገብ መኖር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቤተሰብም አይበተንም። ጉዳቱ የቅርብ ጊዜ የውጭ መጽሐፍ እጥረትና በማስተማር ጫና መካከል መጻፍ ነው። አገር ውስጥ ከተማሩ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር በውጭ ተቋም በእንግዳ ተመራማሪነት ለማሳለፍ ከመጀመሪያው ያቅዱ።

በእንግሊዝ ዶክትሬት በስም ሦስት፣ በተግባር አራት ዓመት ያህል ነው። የክፍል ትምህርት ጥቂት ሲሆን ጽሑፉ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ይደርሳል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ የማረጋገጫ ግምገማ አለ፤ እሱን ሳያልፉ የዶክትሬት ዕጩ አይባሉም። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ከባድ ስለሆነ ያለ ድጋፍ አይሞከርም።

በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው፤ ለአራት ዓመት ያህል ደመወዝ ያገኛል። ቦታው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ እንደ ሥራም ይወዳደሩበታል። ችግሩ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ርዕሱን ይዞ መምጣቱ ነው፤ በራስዎ ጥያቄና በፕሮጀክቱ መካከል እውነተኛ መገናኛ ከሌለ አይግቡበት።

በጀርመን መንገዱ በአማካሪው በኩል ነው። አንድ ፕሮፌሰር ሊቀበልዎ ሲስማማ ፋኩልቲው የዲግሪዎን አቻነትና ውጤት ይመረምራል። በእንግሊዝኛ መጻፍ በፈቃድ የሚቻልባቸው ፋኩልቲዎች አሉ። ልብ ይበሉ፤ እዚያ ጽሑፉ ካልታተመ ማዕረጉን መጠቀም አይቻልም፤ ስለዚህ የኅትመቱን ጊዜና ወጪ ከወዲሁ ያስቡ።

ደቡብ አፍሪካን ብዙዎች ይዘነጓታል። በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ያለው እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የሰብዓዊ መብት ማዕከልና በዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዱላ ኦማር ተቋም ከአፍሪካ ሕገ መንግሥትና ፌዴራሊዝም ጋር ለተያያዘ ጥያቄ ጠንካራ ቤቶች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን ምሁራንም አልፈውባቸዋል። የአፍሪካን ሕግ እንደ ልዩ ነገር ሳይሆን እንደ መደበኛ ጉዳይ የሚያይ አማካሪ ማግኘት ለጥናቱ ጤና ነው።

አምስተኛ፦ ለአማካሪ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥሩ አማካሪ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይበልጣል። የሚመርጡትን ሰው የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ያንብቡ። ከቻሉ ከእሱ ጋር የጨረሱ ተማሪዎችን «የሰጡትን ምዕራፍ በስንት ጊዜ ይመልስልዎ ነበር?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበን ወይም ዩኒቨርሲቲ ሊቀይር ያሰበን ሰው በጊዜ ማወቅ ይጠቅማል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆኑና የት እንደሚያስተምሩ ይናገሩ። በሁለተኛው ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። በሦስተኛው የትኛው ሥራው ከጥያቄዎ ጋር እንደሚገናኝና የት ላይ ከእሱ እንደሚለዩ ይጻፉ፤ ከልብ የሆነ ልዩነት ከውዳሴ ይልቅ ትኩረት ይስባል። በመጨረሻ የትኞቹን ምንጮች ማግኘት እንደቻሉ ይግለጹ፤ «በሁለት ፍርድ ቤቶች የአፈጻጸም መዛግብትን ለማየት ፈቃድ አግኝቻለሁ» የሚል አመልካች ከሌሎች ይለያል። የሁለት ገጽ የጥናት ዕቅድና የሕይወት ታሪክ ያያይዙ። ለሃያ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይላኩ፤ ይታወቃል። መልስ ከሌለ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ስድስተኛ፦ ማመልከቻው

ዋናው ሰነድ የጥናት ዕቅዱ ነው። ጥያቄው፣ እስካሁን ማን ምን እንዳለ፣ በምን ዘዴ እንደሚያጠኑ፣ ምንጮቹ የት እንዳሉ፣ የምዕራፎቹ ረቂቅና የጊዜ ሰሌዳ ይኑሩበት። ዘዴን በተመለከተ «ዶክትሪናል ዘዴ (የሕጎችንና የፍርዶችን ጽሑፍ የመተንተን ዘዴ) እጠቀማለሁ» ማለት አይበቃም፤ የትኞቹን ሕጎችና ፍርዶች፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ በምን መመዘኛ መርጠው እንደሚተነትኑ ይጻፉ። ከዕቅዱ ሌላ ትራንስክሪፕት፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ የጽሑፍ ናሙናና የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ለድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎችዎ ሁለት ወር ቀድመው ይንገሩ፤ ዕቅድዎንም ይስጧቸው። ባለ ሥልጣን ስለሆነ ብቻ የማያውቅዎት ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ የሥራዎን ዝርዝር ከሚያውቅ ተራ መምህር ደብዳቤ ያነሰ ነው።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡና ውሉ

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ ደረስን። መጀመሪያ የማይሆኑትን እንለይ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ እንጂ ለዶክትሬት አይደለም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለአባል አገሮች ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የሚሆኑት ደግሞ፣ በካምብሪጅ ጌትስ ካምብሪጅ ከእንግሊዝ ውጭ ላሉ የማንኛውም አገር ዜጎች፣ በኦክስፎርድ ደግሞ ክላረንደን ያለ ዜግነት ልዩነት ክፍት ናቸው። የእንግሊዝ የምርምር ምክር ቤቶች ድጋፍም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በተወሰነ ድርሻ ለውጭ ተማሪዎች ተከፍቷል። በጀርመን ዳአድ የተባለው የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት አለ። ከእነዚህ ስመ ጥሮች ይልቅ ግን ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከአማካሪው ፕሮጀክት ነው፤ ለዚህም ነው አማካሪው ከስኮላርሺፑ የሚቀድመው። የማመልከቻ ጊዜው ብዙ ጊዜ ከትምህርቱ መጀመሪያ ስምንትና ዘጠኝ ወር ቀድሞ ይዘጋል።

ከቀጣሪ ዩኒቨርሲቲዎ የትምህርት ፈቃድ ሲወስዱ የአገልግሎት ግዴታ ውል ይፈርማሉ፣ ዋስም ይጠራሉ። የሕግ ሰው ስለሆኑ ውሉን እንደ ሕግ ሰው ያንብቡት። ደመወዙ ሙሉ ይቀጥላል ወይስ በከፊል? ትምህርቱ ከተያዘለት ጊዜ ቢያልፍ ማራዘሚያው እንዴት ይጠየቃል? ግዴታው ሳይፈጸም ቢቀር ዋሱ የሚከፍለው ስንት ነው፤ ወለድስ አለው? አብዛኛውን ጊዜ ዋስ የሚሆነው ወንድም፣ አክስት ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። በሌላ ሰው ቤት ላይ የሚወድቅ ዕዳ ሊሆን ስለሚችል ከመፈረሙ በፊት ሙሉውን ይንገሩት። ያገቡ ከሆነ የትዳር ጓደኛዎ ሥራና የልጆች ትምህርት ምን እንደሚሆኑ በዚሁ ጊዜ ይወስኑ፤ ብዙ ዶክትሬት የሚቋረጠው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ ነው።

ስምንተኛ፦ የሥራው ዓመታት

በመጀመሪያው ወር ይጻፉ። «አንብቤ ልጨርስና እጽፋለሁ» የሚል ሰው አንብቦ አይጨርስም። በየሳምንቱ ስላነበቡት ሁለት ገጽ ይጻፉ፤ ግማሹ የትም ባይገባ እንኳ አሳብዎን ያጠራልዎታል።

የግርጌ ማስታወሻን ከመጀመሪያው ቀን በሥርዓት ይያዙ። ዞቴሮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ምንጮችን ይመዘግባል። በእንግሊዝ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የአጠቃቀስ ሥርዓት ኦስኮላ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አዋጅና የሰበር መዝገብ ቁጥር በእሱ እንዴት እንደሚጻፍ ከአማካሪዎ ጋር አንድ ጊዜ ወስነው እስከ መጨረሻው በዚያው ይቀጥሉ። ያዩትን እያንዳንዱን መዝገብ ቁጥር፣ ፍርድ ቤትና ቀን በሰንጠረዥ ይያዙ። ቅጂ ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

የመስክ ሥራ ሁልጊዜ ከታሰበው ይረዝማል። ችሎቶች በክረምት የሚዘጉበት ጊዜ አለ፣ ዳኛ ይዛወራል፣ መዝገብ ከሥር ወደ ይግባኝ ሄዶ አይገኝም። ስድስት ወር ካሰቡ ዘጠኝ ይያዙ።

ከአማካሪ ጋር በየስብሰባው ማግስት የተስማሙበትን በአምስት መስመር ጽፈው ይላኩለት። በባህላችን ታላቅን መቃወም ይከብዳል፤ ብዙ ተማሪ በአማካሪው አስተያየት ሳያምን ዝም ብሎ ይቀበላል። የዶክትሬት አማካሪ የሚፈልገው ታዛዥ ሳይሆን አቋሙን በማስረጃ የሚያስረዳ ሰው ነው። በአክብሮት «በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ይልመዱ፤ የዲፌንሱ፣ ማለትም ጽሑፍዎን በፈታኞች ፊት የሚያስረዱበት የቃል ፈተና፣ ልምምድ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለመምህርነት ሥራ ያለሙ ከሦስተኛው ዓመት በፊት አንድ ምዕራፍ ወደ መጣጥፍ ቀይረው ያሳትሙ። አገር ውስጥ ሚዛን ሎው ሪቪው፣ የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት፣ የሐረማያ፣ የባሕር ዳርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ መጽሔቶች አሉ፤ ኢትዮጵያን የሚያውቁ ገምጋሚዎች ስላሏቸው ስሕተትዎን ከውጭ ገምጋሚ ቀድመው ያገኙልዎታል። ክፍያ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል» ከሚል መጽሔት ይሽሹ። እንዲህ ያለ ኅትመት በማዕረግ ዕድገት ጊዜ ውድቅ ከመሆኑም በላይ መልካም ምዕራፍዎን ለሌላ መጽሔት እንዳይሆን አድርጎ ያባክነዋል።

ዘጠነኛ፦ ዲፌንስ

ሥርዓቱ እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ በዝግ ክፍል ከአንድ የውስጥና ከአንድ የውጭ ፈታኝ ጋር ይቀመጣሉ። በኔዘርላንድስ በአደባባይ፣ በካባ ሆኖ፣ ሰዓቱ ሲሞላ በላቲን «ሰዓቱ ነው» ተብሎ የሚቆም ሥነ ሥርዓት ነው። በአዲስ አበባም ቤተሰብና ባልደረባ በተገኘበት በይፋ ይካሄዳል።

ዝግጅቱ ግን አንድ ነው። ጽሑፍዎን በወረቀት አትመው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ፣ ደካማውን ምዕራፍ ራስዎ ይለዩ። ሦስት ጥያቄዎች አይቀሩም፦ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ለምን ይህንን ዘዴ መረጡ? መደምደሚያው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ይሠራል? ለእያንዳንዳቸው የሁለት ደቂቃ መልስ በቃል ይለማመዱ። በኢትዮጵያ ሕግ ላይ የጻፉ ከሆነ የውጭ ፈታኝዎ አገሩን ላያውቅ ይችላልና ሰበርን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትን፣ የክልል ፍርድ ቤቶችን አወቃቀር በቀላል ቃላት ለማስረዳት ይዘጋጁ። ከማሻሻያ ጋር ማለፍ የተለመደ ነው። የማሻሻያውን ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉ፣ እያንዳንዱን ነጥብ የት ገጽ ላይ እንዳስተካከሉ በሰንጠረዥ ያሳዩ።

ዐሥረኛ፦ ዲግሪው ከተያዘ በኋላ ባለው ዓመት

ወደ ዩኒቨርሲቲዎ ሲመለሱ የዲግሪውን የማረጋገጫና የአቻ ግምት ጉዳይ ወዲያውኑ ይጀምሩ፤ የማዕረግ ለውጡ ከእሱ በኋላ ነው። ሦስት ኮርስና የአስተዳደር ኃላፊነት በአንድ ጊዜ ይሰጥዎታል። ከቻሉ የመጀመሪያውን ዓመት ከኃላፊነት ነፃ እንዲሆኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጽሑፉ ገና ትኩስ ሳለ ሁለት መጣጥፍ ማውጣት ወይም ለመጽሐፍ ማሰናዳት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ከዶክትሬት ጽሑፉ የሚወጣውን ዋና ግኝት በአማርኛ ከዐሥር ባልበለጠ ገጽ ይጻፉት። መዝገብ ላሳዩዎት ፍርድ ቤቶች፣ ላነጋገሯቸው ዳኞች፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ማርቀቅ ሥራ ክፍልና ጉዳዩ ለሚመለከተው ክልል ፍትሕ ቢሮ ይላኩላቸው። በአምስተኛ ዓመት ተማሪዎችዎ የክፍል ንባብ ውስጥም ያስገቡት፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ 300 ገጽ በወረዳ ፍርድ ቤት የሚያነብ ዳኛ የለም፣ ዐሥሩን ገጽ ግን ያነባል።